ሰው ይቅደም ወይስ ምድር? ፊቅህ በአጣብቂኝ ጥያቄዎች የሚያስተምረን ሚዛን



በአንድ ጥያቄ እንጀምር። በምድር ላይ የቀረው ሰው አንድ ብቻ ነው እንበል። እሱም ሊሞት ጥቂት ደቂቃዎች ቀርተውታል። ከእሱ በኋላ የሚመጣ ልጅ፣ ጎረቤትም ሆነ መንገደኛ የለም። ይህ ሰው ከመሞቱ በፊት የቀሩትን ዛፎች ሁሉ ቢያቃጥል፣ የቀሩትን እንስሳት ሁሉ ቢፈጅ ጥፋት ሠርቷል ወይስ አልሠራም? የሚጎዳ ሰው እኮ የለም።

ጥያቄውን እ.ኤ.አ. በ1973 ያቀረበው ሪቻርድ ራውትሊ የተባለ ፈላስፋ ነው። ሊያሳይ የፈለገውም ግልጽ ነበር፦ መልካምና ክፉ የሚለካው በሰው ጥቅም ብቻ ከሆነ፣ ይህን የመጨረሻ ሰው «አጥፍተሃል» የምንልበት ምክንያት አይኖረንም።

ሙስሊም ለዚህ ጥያቄ ብዙ መድከም የለበትም። አነስ (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ኢማም አሕመድ በሙስነዳቸው፣ ኢማም አል-ቡኻሪም በአል-አደቡል ሙፍረድ በዘገቡት ሐዲስ፣ ቂያማ ሊቆም ሲል በእጁ የተምር ችግኝ ያለ ሰው መትከል እስከቻለ ድረስ እንዲተክለው ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) አዘዋል። ያን ተምር ማን ይበላዋል? ማንም። በጥላው ማን ያርፋል? ማንም። ሆኖም ይተከላል። የመትከሉ ዋጋ በሚበላው ሰው ብቻ ቢለካ ኖሮ ይህ ትእዛዝ ትርጉም ባልኖረው ነበር። የመጨረሻው ሰው ችግኝ እንዲተክል ከታዘዘ፣ ደን ማቃጠሉማ ምን ሊባል ነው?

እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው። የሚከብደው ሰውየው ብቻውን ሳይሆን ከተራቡ ልጆቹ ጋር ሲሆን፣ ዛፉም ካልተቆረጠ እራት የማይበስል ሲሆን ነው። የዛሬው ጽሑፋችንም በዚህ ላይ ያተኩራል።

ያልደረሰ ነገር መጠየቅ ለምን ይጠቅማል?

«እንዲህ ቢሆንስ?» ብሎ መጠየቅ ለኢስላማዊው ዕውቀት እንግዳ አይደለም። በተለይ የኢማም አቡ ሐኒፋ (ረሒመሁላህ) ትምህርት ቤት ገና ያልተከሰቱ ጉዳዮችን በምናብ አስቀምጦ ፍርዳቸውን በመመርመር ይታወቃል። በሌላ በኩል ከሰለፎች መካከል ያልሆነን ነገር ለመጠየቅ ብቻ መጠየቅን የጠሉ ነበሩ። ሁለቱም ወገን ምክንያት ነበረው። ለክርክር ሲባል የሚፈበረክ ጥያቄ ጊዜ ያባክናል። ችግሩ ከመምጣቱ በፊት ሚዛን ለማዘጋጀት የሚጠየቅ ጥያቄ ግን ችግሩ ሲመጣ ከመደናገር ያድናል።

በሰውና በተፈጥሮ መካከል ያለው ጥያቄ የኋለኛው ዓይነት ነው። ዛሬ ለምናብ የምናነሳው ነገር ነገ በወረዳው ስብሰባ ላይ፣ በእርሻችን ዳር፣ በጉድጓዳችን አፍ ላይ ይመጣል።

የማይነጣጠሉ ሁለት መሠረቶች

ቁርኣን በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ነገሮችን በአንድ ላይ ያስይዘናል።

አንደኛው የሰው ልጅ ክብር ነው። በሱረቱል ኢስራእ አንቀጽ 70 አላህ (ሱ.ወ) የአደምን ልጆች እንዳከበራቸው ይነግረናል። በሱረቱል ማኢዳ አንቀጽ 32 ደግሞ የአንድን ነፍስ መዳን ከሰው ዘር ሁሉ መዳን ጋር ያመሳስለዋል። ስለዚህ «ሰው የምድር በሽታ ነው፣ ቢቀንስ ይሻላል» የሚለው አስተሳሰብ በእስልምና ቦታ የለውም።

ሁለተኛው አማና ነው። ሰው በምድር ላይ ኸሊፋ እንጂ ባለቤት አይደለም። በሱረቱል አንዓም አንቀጽ 38 በምድር የሚሄዱ እንስሳትና በክንፋቸው የሚበሩ ወፎች እንደ እኛው ኡመቶች መሆናቸው ተገልጿል። በሱረቱ ረሕማን መጀመሪያ ላይ አላህ ሰማይን ከፍ አድርጎ ሚዛንን እንዳስቀመጠ፣ እኛም ያን ሚዛን እንዳናዛባ መታዘዛችን ተነግሯል። በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 205 ደግሞ አዝመራንና እንስሳትን የሚያጠፋ ሰው በአጥፊነት ተወቅሷል።

አንዱን ይዞ ሌላውን የጣለ ሰው ሚዛኑን ጥሷል። «ሁሉም ለሰው ተፈጥሯል» ብሎ ወንዝ የሚመርዝ ሰው የመጀመሪያውን አጣሞ ተረድቷል። ለዱር እንስሳ ሲል ደሃን ከነልጆቹ ያለ ምትክ መሬት የሚያፈናቅልም ሁለተኛውን አጣሞታል።

ሊቃውንት የመዘኗቸው አራት ጉዳዮች

የመጀመሪያው የመርከቧ ጉዳይ ነው። ጭነት የበዛባት መርከብ ልትሰጥም ነው። ምን ይጣል? የፊቅህ ሊቃውንት ቅደም ተከተሉን አስቀምጠዋል። መጀመሪያ ሕይወት የሌለው ዕቃ ይጣላል፤ ውድ ቢሆንም። በዕቃው መጣል መርከቧ የምትድን ከሆነ እንስሳ መጣል አይፈቀድም። ሌላ መንገድ ከጠፋ ለሰው ሕይወት ሲባል እንስሳው ይጣላል። ሰውን ግን ሌሎችን ለማዳን ተብሎ መጣል አይቻልም። ኢማም አል-ገዛሊ (በ505 ዓ.ሂ. የሞቱት) አል-ሙስተስፋ በተባለው ኪታባቸው ይህንኑ አንስተው፣ ጥቂቶች ይዳኑ ተብሎ አንድ ሰው ወደ ባሕር እንዳይወረወር ከልክለዋል። እዚህ ላይ ልብ እንበል፦ የሰው ነፍስ ከእንስሳ ነፍስ ይቀድማል፤ የእንስሳ ነፍስ ግን ከሰው ንብረት ይቀድማል። «ሰው ይቀድማል» ስንል የሰው ሕይወት ማለታችን እንጂ የሰው ዕቃ ሁሉ ማለታችን አይደለም።

ሁለተኛው የውኃው ጉዳይ ነው። አንድ መንገደኛ ለዉዱእ የሚበቃ ውኃ ብቻ ይዟል። አጠገቡ የተጠማ እንስሳ አለ። ሊቃውንት ውኃውን ለእንስሳው አጠጥቶ በተየሙም እንዲሰግድ ያዛሉ። ሶላት የዲን ምሰሶ ናት፤ ዉዱእም ቅድመ ሁኔታዋ ነው። ዉዱእ ግን በአፈር የሚተካ ምትክ አለው፤ ጥማት ምትክ የለውም። ምትክ ያለው ምትክ ለሌለው ቦታ ይለቃል።

ሦስተኛው የጉንዳኖቹ ጉዳይ ነው። በቡኻሪና በሙስሊም በተዘገበው ሐዲስ፣ ከቀደምት ነብያት አንዱን ጉንዳን ነከሰችውና የጉንዳኖቹ መንደር እንዲቃጠል አዘዘ። አላህም በአንዲት ጉንዳን ምክንያት እሱን የምታወድስ ኡመት በማቃጠሉ ወቀሰው። የነከሰችውን መከላከል ለብቻው ነው፤ ያልነከሱትን መፍጀት ግን ሌላ ነገር ነው። ጉዳትን ማስወገድ የተፈቀደው በጉዳቱ ልክ ብቻ ነው።

አራተኛው በመካ ሐረም የሆነው ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መካን በከፈቱ ጊዜ የሐረሙ ዛፍና ሣር እንዳይቆረጥ አወጁ። አጎታቸው ዐባስ (ረ.ዐ) ግን ኢዝኺር የተባለው ሣር እንዲፈቀድ ጠየቁ፤ አንጥረኞች ለእሳታቸው፣ ሰዎችም ለቤታቸው ይጠቀሙበት ነበርና። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ) ኢዝኺርን ፈቀዱ። ክልከላው አልተሻረም፤ የሕዝቡም ኑሮ አልተረሳም። አንድ ተክል፣ ለታወቀ ፍላጎት፣ በስም ተጠርቶ ተፈቀደ።

«ያስፈልገኛል» ሁሉ እኩል አይደለም

ከእነዚህና ከመሰሎቻቸው በመነሳት ሊቃውንት የሰውን ጥቅም በሦስት ደረጃ ከፍለውታል። ደሩሪያት የሚባሉት ሲጠፉ ሕይወትና ዲን አብረው የሚጠፉ ናቸው፤ ምግብ፣ ውኃ፣ መጠለያ ከነዚህ ይመደባሉ። ሓጂያት ሲጎድሉ ኑሮ ይከብዳል እንጂ አይጠፋም። ተሕሲኒያት ደግሞ ማሳመሪያዎች ናቸው። ኢማም አሽ-ሻጢቢ (በ790 ዓ.ሂ. የሞቱት) ይህን አከፋፈል በሰፊው አብራርተውታል።

ከዚህ ጋር የሚሄዱ መርሆዎችም አሉ። መጉዳትም ሆነ በጉዳት መመላለስ የለም። ጥፋትን መከላከል ጥቅም ከማምጣት ይቀድማል። ደሩራ የተከለከለውን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን በመጠኑ ይለካል እንጂ በሩን ወለል አድርጎ አይከፍትም። የብዙኃንን ጉዳት ለማስወገድ የጥቂቶች ጉዳት ሊታገስ ይችላል። ከሁለት ጉዳት አንዱ የማይቀር ከሆነ ቀላሉ ይመረጣል።

አብዛኛው ክርክር የሚበላሸው ደረጃዎቹ ስለሚደባለቁ ነው። አንዲት እናት ለልጆቿ እራት ማብሰያ የምትለቅመው ጭራሮና አንድ ነጋዴ በመኪና የሚያግዘው ከሰል በአንድ ስም «የሰው ፍላጎት» ይባላሉ። በሸሪዓ ሚዛን ግን አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ደሩራ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ትርፍ ነው፤ ትርፍ ደግሞ በራሱ ሐላል ቢሆንም ደን ለማውደም ፈቃድ አይሆንም።

ዑመር (ረ.ዐ) ለጠባቂው የሰጡት መመሪያ

በዚህ ርእስ ከሁሉ የበለጠ የሚያስተምረን ታሪክ በሶሒሕ አል-ቡኻሪ የተዘገበው ነው። ከ13 እስከ 23 ዓ.ሂ. ኸሊፋ የነበሩት ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) የተከለለ የግጦሽ መሬት ነበራቸው፤ ሒማ ይባላል። የተከለለው ለዘካ ግመሎችና ለጂሃድ ፈረሶች ነበር። በዘመናችን ትርጉም የተፈጥሮ ጥበቃ ብቻ አልነበረም፤ ነገር ግን ሣሩና መሬቱ እንዳይሟጠጥ በሕግ የተጠበቀ ስፍራ ነበር። ጠባቂ አድርገው የሾሙት ነፃ ያወጡትን ሁነይን ነው።

ዑመር (ረ.ዐ) መጀመሪያ ያስጠነቀቁት ሙስሊሞችን እንዳይጨቁንና የተበዳይን ዱዓ እንዲፈራ ነው። ቀጥለው ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያላቸውን እንዲያስገባ አዘዙት። የዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍንና የዑስማን ኢብን ዐፋንን ከብቶች ግን እንዳያስገባ አሳሰቡት። ሁለቱ ከታላላቅ ሶሓቦች ናቸው። ምክንያቱን ሲያስረዱም፣ የእነዚህ ከብት ቢያልቅ ወደ ተምራቸውና ወደ እርሻቸው ይመለሳሉ፤ የጥቂት ከብት ባለቤት ግን ከብቱ ካለቀ ልጆቹን ይዞ ወደ ኸሊፋው ይመጣል፤ ያኔ ከወርቅና ከብር ይልቅ ሣርና ውኃ መስጠቱ ይቀላል አሉ። በመጨረሻም የአካባቢው ሰዎች መሬቱ የእነሱ በመሆኑ እንደተበደሉ ሊያስቡ እንደሚችሉ አልካዱም፤ ባያስፈልግ ኖሮ ከአገራቸው አንዲት ስንዝር እንኳ ባልከለልኩ ነበር ሲሉ ምለዋል።

በዚህ አጭር መመሪያ ውስጥ አራት ነገሮች አሉ። አንድ፣ ጥበቃው ይቀጥላል። ሁለት፣ ልዩነቱ የተደረገው በሰውና በሣር መካከል ሳይሆን ምትክ ባለውና ምትክ በሌለው ሰው መካከል ነው። ሦስት፣ ሥልጣንና ዝና መግቢያ አይሆንም። አራት፣ የተከለከሉት ሰዎች ቅሬታ ይሰማል፤ መሬታቸው መሆኑም ይታመናል።

ስለዚህ «ሰው ወይስ ተፈጥሮ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ጎዶሎ ጥያቄ ነው። መጠየቅ ያለበት «የትኛው ሰው? የትኛው ጥቅም? ዋጋውንስ የሚከፍለው ማን ነው?» ነው።

አንበጣውና ንቧ

ይህን ሚዛን በአገራችን በደረሰ ጉዳይ ላይ እንሞክረው። እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2021 የበረሃ አንበጣ ምሥራቅ አፍሪካን ወርሮ ነበር። ለኢትዮጵያ በ25 ዓመት ውስጥ ከታየው ሁሉ የከፋው ነበር። ወሎ፣ ሐረርጌ፣ ሶማሌና ዐፋር ክፉኛ ተጎድተዋል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት እንደሚለው በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ያረፈ መንጋ በቀን 35,000 ሰው የሚመገበውን ያህል ይበላል። ማሽላው ሊታጨድ ቀናት ሲቀሩት የተበላበት ገበሬ ጉዳይ ደሩራ ስለመሆኑ አይጠየቅም።

በሌላ በኩል ከአውሮፕላንና ከመኪና የሚረጨው ፀረ-ተባይ አንበጣውን ብቻ መርጦ አይገድልም። ማላቲዮንና ክሎርፓይሪፎስን የመሰሉ ኬሚካሎች ለንብም መርዝ ናቸው። ንብ አናቢዎችም በርጭቱ ንቦቻቸው እንዳለቁባቸው ተናግረዋል። ንብ በቁርኣን በስሟ ሱራ የተሰየመላት፣ ከሆዷ የሚወጣው ለሰዎች መድኃኒት መሆኑ የተነገረላት ፍጡር ናት። አበባን የምታራባውም እሷ ስለሆነች የእሷ ማለቅ ነገ በሰብል ላይ ይታያል። ስለዚህ እዚህ የቆሙት ሰውና ነፍሳት ብቻ አይደሉም፤ የዛሬ እህልና የነገ እህል፣ የገበሬው ጎተራና የጎረቤቱ ቀፎም ጭምር ናቸው።

ሚዛኑ ምን ይላል? ርጭቱ በደሩራ ይፈቀዳል፤ ረሃብ ዕለቱን የሚገድል ነውና። ደሩራ ግን በመጠኑ ይለካል። ሰብል በሌለበት አይረጭም። የሚበቃው መጠን ከታወቀ አይጨመርም። ርጭቱ ከመድረሱ በፊት ንብ አናቢዎች ቀፏቸውን እንዲያሸሹ ወይም እንዲከድኑ ማስታወቅ ግዴታ ይሆናል። ያነሰ ጉዳት ያለው ዘዴ ከተገኘ እሱ ይቀድማል፤ በዚያው ወረራ ጊዜ በጎረቤት ሶማሊያ አንበጣን ለይቶ የሚያጠቃ ከፈንገስ የተሠራ መድኃኒት ጥቅም ላይ ውሏል። ለሁሉም ጥቅም ሲባል ንቡ ያለቀበት ሰውም ጉዳቱን ብቻውን ተሸክሞ መቅረት የለበትም። በደሩራ የሰው ንብረት የተጠቀመ ሰው ወንጀል ባይኖርበትም ካሳው እንደማይቀርለት ብዙ ሊቃውንት አስቀምጠዋልና።

አንድ ጥንቃቄም እንጨምር። አንበጣ በሸሪዓችን ሐላል ነው። ኬሚካል የተረጨበት አንበጣ ግን ሰውንም ከብትንም ይጎዳልና መብላት አይገባም፤ ጉዳቱ ሐላሉን ይከለክለዋል።

የባሌ ተራሮች፦ ከብት፣ ውሻና ቀይ ቀበሮ

ሁለተኛው ምሳሌ ከባሌ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዓለም ላይ ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም የሚኖሩት እዚያው ነው። ከእነዚህ ተራሮች የሚነሱ ወንዞች በቆላው ላለው ሕዝብና ከብት፣ ድንበር ተሻግረውም ለሶማሊያ ውኃ ናቸው። በዚያው መሬት ላይ ግን ሰዎችም ይኖራሉ፤ አብዛኞቹ ሙስሊም ወንድሞቻችን ናቸው። ከብት ያረባሉ፣ ከሐረና ደን የጫካ ቡናና ማር ይሰበስባሉ።

«ቀበሮ ይቅደም ወይስ አርብቶ አደር?» ብሎ መጠየቅ ቀላል ነው፤ መልሱም «ሰው!» ሊሆን ይችላል። ነገሩን ጠጋ ብለን ስናየው ግን ጥያቄው ይቀየራል። ለቀይ ቀበሮ ከባዱ አደጋ የእረኛው መኖር ብቻ ሳይሆን ከእረኛው ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በሽታው በባሌ በተደጋጋሚ ተነስቶ ብዙ ቀበሮዎችን ጨርሷል። ያው በሽታ ሰውንም ከብትንም ይገድላል። ውሾቹን መከተብ ስለዚህ ለቀበሮውም ለእረኛውም ለልጆቹም ጥበቃ ነው። በዚያ ሲሠራበት የቆየውም ይኸው ክትባት ነው። ሁለቱ ጥቅሞች በብዙ ቦታ አይጋጩም፤ የሚጋጩ የሚመስሉት አማራጭ ሳንፈልግ ስንቀር ነው።

የሚጋጩበትም ቦታ አለ። ከብቱ እየበዛ፣ እርሻው ወደ ላይ እየወጣ ሲሄድ ምንጩ ይደርቃል፤ ከታች ያለው ሕዝብ ይጠማል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመርከብ የመሰሉት ሐዲስ እዚህ ላይ ይመጣል። ታች ያሉት ውኃ ለመቅዳት ሲሉ በራሳቸው ድርሻ ቀዳዳ እንክፈት ቢሉና ላይ ያሉት ዝም ቢሏቸው ሁሉም ይሰጥማሉ። በባሌ ደግሞ ቀዳዳው የሚከፈተው ከላይ ነው። ከላይ ያለውን ማስቆም ተገቢ ይሆናል። የዑመር (ረ.ዐ) መመሪያ ግን አይረሳም፦ መቶ ከብት ያለው ባለሀብትና ሦስት ላም ያላት ባሏ የሞተባት ሴት በአንድ መስመር አይከለከሉም፤ የተከለከለውም ሰው ምትክ መሬት ወይም መተዳደሪያ ሳያገኝ «ለቅርስ ሲባል ውጣ» አይባልም።

ከመወሰናችን በፊት የምንጠይቃቸው ጥያቄዎች

ያየናቸውን ጉዳዮች ወደ ዕለት ኑሯችን ስናመጣቸው እነዚህ ጥያቄዎች ይወጣሉ፦

1. የሰውየው ፍላጎት ደሩራ ነው፣ ሓጃ ነው ወይስ ማሳመሪያ?
2. ጥፋቱ የሚመለስ ነው ወይስ የማይመለስ? የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ያቆጠቁጣል፤ ዘሩ የጠፋ እንስሳ ግን አይመለስም።
3. ያነሰ ጉዳት ያለው ሌላ መንገድ በእውነት ተፈልጓል?
4. የሚወሰደው በልክ ነው ወይስ በደሩራ ስም ከልክ በላይ?
5. የሚጠቀመውና ዋጋውን የሚከፍለው አንድ ሰው ናቸው? ካልሆኑ ካሳው የት አለ?
6. እዚህ ቀርበው መናገር የማይችሉት፣ ማለትም ገና ያልተወለዱት ልጆችና አንደበት የሌላቸው እንስሳት፣ ማን ይናገርላቸዋል?

ስድስተኛው ጥያቄ ቀላል አይደለም። አል-ዒዝ ኢብኑ ዐብዲሰላም (በ660 ዓ.ሂ. የሞቱት) የእንስሳን መብት በሰው ላይ ሲዘረዝሩ፣ አርጅቶ ወይም ታሞ ጥቅም የማይሰጥ ቢሆንም ባለቤቱ እንዲቀልበው ግዴታ አድርገዋል። የማይጠቅመን ፍጡር መብት አለው ማለት ነው። በድመቷ ምክንያት የተቀጣችው ሴት ጉዳይ የሚታወቅ ነው፤ አስራ አላበላቻትም፣ ለቃም በራሷ እንድትፈልግ አልተወቻትም።

እነዚህ ጥያቄዎች ፈትዋ አይደሉም። አንድ የተወሰነ ጉዳይ ሲገጥም የሸሪዓውን ሊቅ ከመሬቱና ከውኃው ባለሙያ ጋር አስቀምጦ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሊቁ ሚዛኑን ያውቃል፤ በሚዛኑ ላይ የሚቀመጠውን ነገር ክብደት የሚያውቀው ደግሞ ገበሬው፣ እረኛውና ባለሙያው ነው። ክብደቱ ሳይታወቅ የሚሰጥ ፍርድ ወይ ሰውን ይበድላል፣ ወይ ምድርን ያጠፋል።

በየመስጂዶቻችንም መጀመር የምንችለው ነገር አለ። የዉዱእ ቧንቧ ሳይዘጋ ሲፈስ ማየት ለምደናል። በወራጅ ወንዝ ዳር እንኳ ውኃ ማባከን የተነቀፈበት ዲን ተከታዮች ነን። ደሩራም ሓጃም የሌለበት ብክነት መመዘን እንኳ አያስፈልገውም። ከባዱን ጥያቄ በትክክል መመለስ የሚችለው ቀላሉን የለመደ ኡመት ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ሚዛኑን ከሚጠብቁት ያድርገን፤ ወላሁ አዕለም።